የዕለቱ ንባብና የራስ ልመና በጅጅጋና በአካባቢዋ

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በዚያ ዕለት የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ፣ በመስከረም ወር በሶማሊያ ጦር እጅ የወደቀችውን ጅጅጋን መልሶ ያዘ። የካራማራ ስም ከዚያ ወዲህ በዘፈንም በታሪክም ገንኖ ስለሚነገር፣ የውጊያውንም ሁኔታ ሌሎች በሰፊው ስለ ጻፉት፣ እዚህ መድገሙ አስፈላጊ አይሆንም። ሆኖም በዚያው እሑድ ጧት በአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣ ከጦር ሜዳው ጋር ምንም የማያገናኘው የሚመስል አንድ ሌላ ነገር ተፈጽሟል። የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 22 ቀን ነው። ከዚያ ስምንት እሑዶች ወደ ኋላ ሲቈጠሩ የካቲት 26 የዐቢይ ጾም መግቢያ የሆነው ዘወረደ ይሆናል። የዘወረደ ወንጌል ደግሞ ከዮሐንስ ምዕራፍ 3 ነው፤ ከሰማይ የወረደው ወደ ዓለም የተላከው ለመፍረድ ሳይሆን ለማዳን መሆኑን የሚናገረው ክፍል ማለት ነው።

የድሉ ቀን ንባብ ይህ ሆነ። ማንም አልመረጠውም። ወታደሩም፣ ካህኑም፣ መንግሥትም አላዘዘውም፤ ባሕረ ሐሳብ ቈጥሮ፣ ግጻዌ ደልድሎ ያመጣው ነው። እንግዲህ ልጁ ካራማራ ላይ የወደቀበት፣ ወይም ቤቱ ጅጅጋ ውስጥ የፈረሰበት አንድ ክርስቲያን፣ ይህን ወንጌል ሰምቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ምን ብሎ ይጸልያል? የልቡ ነገር አንድ ነው፤ የጆሮው ነገር ሌላ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚበጀውን ልመና፣ ማለትም ከዕለቱ ንባብ ተነሥቶ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የሚያዘጋጀውን ጸሎት፣ በምሥራቋ የጠረፍ ከተማ ታሪክ አንጻር መመልከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ንባቡ ሥርዓት ጥቂት ማለት ይገባል። ግጻዌ በዓመቱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀን የሚነበበውን የሚወስን መጽሐፍ ነው። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክታት፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ንፍቁ ቄስ ከግብረ ሐዋርያት የሚያነቡት ሁሉ በዚያ ተመድቧል። ቀጥሎ ከዳዊት መዝሙር የተወሰዱ ሦስት ስንኞች ምስባክ ሆነው ይዜማሉ፤ ከዚያ ወንጌሉ ይነበባል። ይህ የቤተ መቅደሱ ነው። በየቤቱ ደግሞ ዳዊት ራሱ በሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። መቶ ኀምሳው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ንጉሥ ይመደባል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል። ለእሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይቀራሉ። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ሰባት ክፍል አለው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የደረሱት አርጋኖንም የተከፈለው በሳምንቱ ቀናት ነው። ስንክሳሩ በበኩሉ የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ ከተረከ በኋላ ለእያንዳንዳቸው አጭር የሰላምታ ግጥም ያስከትላል። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ በዚህ ባህል ንባብ ዘወትር መልስ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። ታሪኩ ከተነገረ በኋላ ሰሚው አንድ ነገር ማለት አለበት።

የዚህ መልስ ከፍተኛው ደረጃ ቅኔ ነው። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ ባለ ስምንቱ መወድስ፣ ሁሉም በየበዓሉ ከዕለቱ ምንባብና ታሪክ ተነሥተው አዲስ ሆነው ይቀርባሉ። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም፤ የሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። ተማሪው ወደ ጫካ ወይም ወደ ቍጥቋጦ ገለል ብሎ ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ታርሞ ይመለሳል። የበሰለው ባለ ቅኔ የዕለቱን ወንጌል ሰም፣ የአገሩን ጉዳይ ወርቅ፣ አንዳንድ ጊዜም በተገላቢጦሽ አድርጎ፣ ንባቡንና ዘመኑን በአንድ ቃል ያስራቸዋል። ይህን የሚያህል ጥበብ ግን ብዙ ዓመት ትምህርትና ጸጥ ያለ ጉባኤ ይፈልጋል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔው ስመ ጥር መንገዶች የበቀሉባቸው አገሮች ናቸው፤ ሦስቱም ከጅጅጋ እጅግ ሩቅ ናቸው።

ጅጅጋ የቆመችው በሌላ ሁኔታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙና ራስ መኰንንን ከሾሙ በኋላ፣ ከሐረር በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከካራማራ ማዶ በሚገኘው ሜዳ፣ የሶማሌ ከብት አርቢዎች ውሃ በሚወርዱበት ሥፍራ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በግንድና በእሾህ የታጠረ የጦር ሠፈር ተተከለ። ከተማዋ የተወለደችው ከዚያ ሠፈር ነው። ወደዚያ የተላከው ከሸዋና ከሌላው ደገኛ አገር የመጣ ወታደር መምህረ ቅኔ አላስከተለም። ይዞት የሄደው ሦስት ነገር ነው፤ በማኅደር የገባ ዳዊት (ያውም ያለው ሰው)፣ ከእናቱ የሰማው የባለ ቀን ቅዱሳን ቍጥር፣ ከካህን የተቀበለው የክርስትና ስም።

ይህ የክርስትና ስም ነገር ትንሽ መስሎ የማይናቅ ነው። በብራና በተጻፉት የጸሎት መጻሕፍታችን በልመናው መካከል የባለቤቱ ስም ይገባል። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ሲሄድ የቀድሞው ስም ይፋቅና አዲሱ ይጻፋል። አንዳንዱ ብራና ሦስት አራት ጊዜ ከመፋቁ የተነሣ በዚያ ቦታ ሳስቶ ይታያል። በኅትመት ዘመን ቦታው «እገሌ» ተባለ፤ አንባቢው ራሱን እንዲያስገባበት ተተወለት። የግል ጸሎት ታሪክ መጀመሪያ ይህች ባዶ ቦታ ናት ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም። ስሙን ያስገባ ሰው ጉዳዩን ማስገባቱ አይቀርም፤ የልጁን ሕመም፣ የከብቱን መጥፋት፣ የመንገዱን ክፋት። ግእዙን አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ በአማርኛ ይቀጥላል።

የዚህ የአማርኛ ልመና አሠራር ከቤት ቤት ብዙ አይለያይም። አስቀድሞ ከንባቡ አንድ ሥራ ይጠራል፤ ቀጥሎ በዚያ ሥራ ተጠግቶ የራስ ነገር ይለመናል። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመፃጉዕ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር የተኛው ሰው ታሪክ ይነበባል። ያን ወንጌል ሰምታ የተመለሰች እናት፣ ፊደል ባትቈጥርም እንኳ፣ ሰው የሌለውን በሽተኛ ሳይለምንህ የጠየቅኸው፣ የኔንም ልጅ ሰው አጥቶ በሰው አገር ተኝቷልና ጠይቅልኝ ትላለች። እዚህ ላይ ያለው ጥበብ ቀላል አይደለም። ሴትዮዋ ከረጅሙ ታሪክ መካከል የመረጠችው ተአምሩን ሳይሆን ጥያቄውን ነው፤ በሽተኛው ሰው የለኝም ማለቱ ልቧን ነክቷታል። ይህ ትርጓሜ ነው፤ በጉባኤ ቤት ባይሰጥም ትርጓሜ ነው።

በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1549 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ለየእሑዱ ንባብ አጭር ልመና መድቦለታል፤ የዚያም ቅርጽ እንደ እኛዋ እናት ልመና የእግዚአብሔርን አንድ ሥራ ጠርቶ ከዚያ ወደ ጥያቄ የሚሄድ ነው። በጀርመን አገር በኸርንሁት የሠፈሩት ሞራቪያውያን ደግሞ ከ1731 ጀምሮ ለዓመቱ ቀናት የተመደበ ጥቅስ በየዓመቱ ያሳትማሉ። የእነርሱ ጥቅስ በዕጣ ይወጣል። የእኛ ቀን በዕጣ ሳይሆን በቍጥር የሚመጣ ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው። ሰው የሚወደውን ብቻ እየመረጠ እንዳያነብ ያደርገዋል።

ነገራችን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጅጅጋ የጠረፍ ከተማ ናት። በጠረፍ ያለ ሰው ጠላት አለው፤ ወይም አለኝ ብሎ ያስባል። ዳዊት ደግሞ ጠላትን የሚመለከት ቃል ሞልቶታል። መዝሙር 108 በተለይ በርግማን የታወቀ ነው፤ አንዳንዱም ከመካከል አውጥቶ፣ ቀንና ሰዓት ለይቶ፣ የባላጋራውን ስም እየጠራ ይደግመዋል። ካህናት ይህን ይቃወማሉ። መምህራነ ትርጓሜም በመዝሙሩ ጠላት የተባለው ሰይጣን መሆኑን፣ ቃሉም በግብረ ሐዋርያት ለይሁዳ እንደ ተጠቀሰ ያስተምራሉ። ይሁንና ከትምህርቱ ይልቅ ድልድሉ የበለጠ የሚረዳ ይመስለናል። በሥርዓቱ ለሚደግም ሰው መዝሙር 108 የሐሙስ ነው፤ ከሠላሳው አንዱ ሆኖ ይመጣና ያልፋል። በዚያው ሐሙስ፣ ስድስት መዝሙር ቀደም ብሎ፣ እግዚአብሔር እንደ በደላችን እንደማይከፍለንና እንደ አባት እንደሚራራ የሚናገረው 102ኛው ይገኛል። ሐሙስን በሙሉ የደገመ ሰው ሊራገም ቢነሣ እንኳ መጀመሪያ በምሕረቱ በር ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በቍንጽል የሚደግመው ግን ያን በር አያየውም።

ጅጅጋ ከተተከለች ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ይህ ፈተና መጣባት። በ1892 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1900፣ የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ደርቪሾች ሠፈሩን በብዙ ኃይል አጠቁ። ከጥቃቱ በፊት የሠፈሩ ጦር የሶማሌ ጎሣዎችን ከብትና ግመል ዘርፎ ነበርና የመጡት ያንን ለማስመለስም ጭምር ነው፤ በአጥሩ በኩል የነበረው የሞት ቍጥር ከባድ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ስለ ዋለ ወሩ በሙሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበረ። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ወታደር በጾም ላይ ሆኖ ተኰሰ፤ ከውጭ ያለውም በስመ አላህ ብሎ ሮጠ። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ። ሰይድ መሐመድ ራሱ ከሶማሌ ታላላቅ ባለ ቅኔዎች አንዱ ነው። የሶማሌ ገበይ ከግጥሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በአንድ ድምፅ የሚጀምር ቃል በየስንኙ እንዲገኝ የሚጠይቅ፣ በቃል ተደርሶ በቃል የሚሄድ ጽኑ ጥበብ ነው። እርሱም ይህን ጥበብ እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1913 በውጊያ ላይ በወደቀው በእንግሊዛዊው መኰንን በኮርፊልድ ላይ የደረሰው ግጥም፣ የሞተውን ሰው እስከ ሲኦል ተከትሎ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ሃይማኖታዊ ቃልን ወደ ርግማን የመለወጥ ፈተና የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ የሜዳው ሁሉ ፈተና ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ባቡሩ በ1890ዎቹ አጋማሽ በደወሌ፣ በአይሻና በሽንሌ በኩል አልፎ ድሬዳዋ ደረሰ፤ በመስመሩም ትንንሽ ከተሞች በቀሉ። በአውበሬ በኩል ያለው የጠረፍ መንገድ ተፈሪ በር የሚል ስም ወጣለት። ጅጅጋን በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ያዘ፤ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ካስለቀቀ በኋላ እስከ 1941 ዓ.ም. መጀመሪያ የቈየችው በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበር። ባንዲራ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ግጻዌው አልተለወጠም።

የተለወጠው ቋንቋው ነው። አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉ የጎጃም መነኵሴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቈንስል ከአስሊን ጋር ዐሥር ዓመት ተቀምጠው የተረጐሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታትሞ ወጣ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘጋጀው አዲስ ትርጕም ታተመ። ዛሬ «የ54ቱ» እየተባለ የሚጠራው ነው። በቅዳሴም ንባቡ ከግእዙ ቀጥሎ በአማርኛ መሰማቱ እየተስፋፋ ሄደ። ይህ ለጎንደር ወይም ለደብረ ሊባኖስ ያመጣው ለውጥ መጠነኛ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ቅኔውና ባለ ትርጓሜው እዚያው ስላለ። መምህር ለራቀው ከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴዋ፣ አስተማሪው፣ የዕለቱን ወንጌል ራሳቸው ከፍተው አንብበው ከዚያ ላይ ልመናቸውን ለመመሥረት ቻሉ። በኋላም ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቱን ይህንኑ አስለመዱት። ቅኔው ቢርቅም የቅኔው ልማድ፣ ማለት ከዕለቱ ንባብ ተነሥቶ አዲስ ቃል የማቅረብ ልማድ፣ በአማርኛ ዝርው ንግግር ቀጠለ። ውበቱ ያነሰ መሆኑን መካድ አይቻልም። ያም ሆኖ ቅኔው ለጥቂቶች ብቻ የነበረውን ፈቃድ ለሁሉ ሰጥቷል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. እናገኛለን። ቅዳሜ ነበር፤ ወር በገባ በ28 የሚታሰበው የአማኑኤል ቀንም ነው። በጅጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ። ብዙ ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠልሎ ሰነበተ። በማግሥቱ ማግሥት የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ከሥልጣን ወረዱ። የክልሉን የያኔ አስተዳደር ግፍ የቀመሱት ክርስቲያኖች ብቻ አለመሆናቸውን መናገር ተገቢ ነው። በዚያችው ጅጅጋ «ጄል ኦጋዴን» በተባለው ወህኒ ቤት ብዙ ሶማሌዎች ለዓመታት ተሠቃይተዋል፤ ከሰላታቸው በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ያደረሱት ዱዓም፣ ቋንቋው ይለይ እንጂ፣ የታሰረ ሰው ልመና ነው።

የቅዳሜ ዳዊት ከ131 እስከ 150 ነው አልን። በዚህ ክፍል 132ኛው ወንድማማቾች አብረው ሲቀመጡ ያለውን መልካምነት ያመሰግናል። አራት መዝሙር አልፎ 136ኛው የተማረኩ ሰዎች በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው ያለቀሱትን ልቅሶ ያሰማል፤ ያውም መጨረሻው በጠላት ሕፃናት ላይ የወረደ እጅግ አስፈሪ ቃል ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ድርሻ ውስጥ ናቸው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የትኛውን ይዞ ይለምናል? የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች እነዚያን ሕፃናት ገና ሳያድጉ በክርስቶስ ዓለት ላይ ሊቀጠቀጡ የሚገባቸው ክፉ ሐሳቦች ናቸው ብለው ተርጕመዋል። ትርጓሜው የተወለደው ምናልባት እንዲህ ካለ ቀን ነው። በቀልን በራሱ ልብ ውስጥ ገና ሕፃን ሳለ ያገኘው ሰው፣ ያን ቃል በጎረቤቱ ላይ ሳይሆን በዚያ በቀል ላይ ሊለውጠው ይችላል። ይህን ማድረግ ለሁሉ የሚቻል ነው አንልም። የተገደለበት ሰው ዝም ቢል የሚፈርድበት የለም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ቈይቶ፣ ነሐሴ 1 ቀን ማክሰኞ፣ ፍልሰታ ገባ። በዓመቱ ውስጥ ከየትኛውም ጾም ይልቅ ምእመናን ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጐርፉበት፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየዕለቱ የሚሰማበት፣ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚቈርቡበት ጊዜ ነው። ክልሉ ገና ከድንጋጤው አልወጣም ነበር። የዚያ ማክሰኞ ድርሻ ግን ከዳዊትም ከውዳሴ ማርያምም እንደ ወትሮው ተመድቦ ይጠብቅ ነበር፤ ከ31ኛው መዝሙር ይጀምራል፣ ይኸውም በደሉ የተተወለትን ሰው ብፁዕ ብሎ የሚከፍተው ነው። ስለ ተገፋ ሰው በደል ሳይሆን ስለ ራስ በደል የሚናገር ንባብ፣ በግፍ ለተሰደደ ሰው ያለ ቦታው የመጣ ሊመስል ይችላል። በሥርዓቱ የሚደግም ሰው ግን አልፎት አይሄድም። ለምን ይህ ደረሰኝ ብሎ ይጠይቅበታል፤ ያለቅስበታል፤ ቂም እንዳልይዝ እርዳኝ ይልበታል። እንደነዚህ ያሉት ልመናዎች በጽሑፍ አይቀሩም። ቅኔው አንድ ጊዜ ተብሎ እንደሚቀር ሁሉ እነርሱም ይባሉና ያልፋሉ፤ በማግሥቱ ረቡዕ ስለሆነ ንባቡ ወደ 61ኛው ይሄዳል።

ዛሬ ግጻዌው በእጅ ስልክ ላይ ይገኛል። የዕለቱ ምስባክና ወንጌል በየጧቱ ይላካል፤ ውጫሌ ጠረፍ ላይ ዕቃ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ሽንሌ ያለ አስተማሪ፣ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ የደብረ ማርቆስ ወይም የሐዋሳ ልጅ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን አንዱን ንባብ ይከፍታሉ። ስልኩ የዳዊትንም መዝሙር በቍጥር አውጥቶ ይሰጣል፤ 108ን ብቻ የፈለገ 108ን ብቻ ያገኛል። ሐሙስን በሙሉ የፈለገም ሐሙስን በሙሉ ያገኛል።